የሚሳዋ አንገት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 13 ቀን 2009 በሂሮሺማ ከተማ፣ ሚትሱሃሩ ሚሳዋ የተባለው ስመ ጥር ጃፓናዊ ታጋይ፣ 28 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲወድቅና ሲነሣ በኖረበት መድረክ ላይ፣ ተጋጣሚው ወገቡን ከኋላ አቅፎ አንሥቶ ቢጥለው በማጅራቱ ወደቀ፤ መንቀሳቀስ እንደማይችል ለዳኛው ከነገረው በኋላም ኅሊናውን ሳተ፤ በዚያው ሌሊት በሆስፒታል ዐረፈ። 47ኛ ዓመቱን ሊደፍን የቀረው አምስት ቀን ብቻ ነበር። የትግል ወዳጆች ይህን አሟሟት ገድል ብለው ሲጠሩት በሰማሁ ቍጥር ልቤ አይቀበለውም፤ ሰውየውን ከማክበሬ የተነሣ፣ በፈቃዱ እንደ ተሠዋ ሰማዕት ሳይሆን፣ ማረፍ ሲገባው የሚያሳርፈው እንዳጣ ሠራተኛ አድርጌ አየዋለሁ።

ይህ ዓይነቱ ትግል አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት ትርኢት በመሆኑ ብቻ እንደ ተራ ጨዋታ ቈጥረው የሚንቁት ብዙዎች ናቸው። አሸናፊውን የሚወስኑት አዘጋጆቹ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን መቶ ኪሎ የሚመዝን ሥጋና አጥንት ከትከሻ በላይ ተነሥቶ ሲለቀቅ፣ ምድር የዚያ ስምምነት ተካፋይ አይደለችም። ስለዚህ በጃፓን አገር ጀማሪው ታጋይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው፤ አገጩን ከደረቱ አጣብቆ፣ ጀርባውን አስፍቶ፣ በሁለት መዳፉ ወለሉን እየመታ፣ የውድቀቱ ኀይል በአንድ አጥንት ላይ እንዳይከማች በመላው አካሉ ያከፋፍለዋል። ሚሳዋ በዚህ ጥበብ ከዘመኑ ታጋዮች ሁሉ የላቀ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ተጋጣሚዎቹም ያለ ስጋት አንሥተው ይወረውሩት የነበረው ይህንኑ ችሎታውን ተማምነው ነው።

ሥራውን የጀመረው በ1981፣ ጃይንት ባባ በሚመራው ኦል ጃፓን በተባለው ድርጅት ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የነብር ጭምብል አጥልቆ፣ በሥዕል ታሪክ የታወቀውን ታይገር ማስክን ሆኖ እንዲታገል ተደረገ። በ1990 ከድርጅቱ ታላላቅ ታጋዮች አንዳንዶቹ ትተው በሄዱ ጊዜ፣ ሜይ 14 ቀን ማታ በግጥሚያው መካከል ወደ ባልደረባው ወደ ቶሺያኪ ካዋዳ ዞረና የጭምብሉን ማሰሪያ አስፈታ፤ ጭምብሉንም ለተመልካቹ ወርውሮ በገዛ ፊቱ ቆመ። አንድ ወር ሳይሞላ በቶኪዮው ቡዶካን አዳራሽ የድርጅቱን አውራ ጃምቦ ትሱሩታን አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ ከካዋዳ፣ ከኬንታ ኮባሺና ከአኪራ ታዌ ጋራ ያደረጋቸው ግጥሚያዎች፣ በተለይም ጁን 3 ቀን 1994 ከካዋዳ ጋራ ያደረገው፣ እስከ ዛሬ በዚህ ሙያ ከታዩት ሁሉ ከፍ ያሉ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አረንጓዴ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱ ለሕመምም ለደስታም ሳይለዋወጥ፣ ክርኑን በተጋጣሚው መንጋጋ ላይ ሲያሳርፍ የተመለከተ ሰው፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ያለውን ግርማ አይረሳውም። ነገር ግን ትናንት አዳራሹን ያስጮኸው ውድቀት ዛሬ የማያስደንቅ ስለሚሆን፣ ውርወራው ከዓመት ወደ ዓመት ወደ አንገት እየተጠጋ ሄደ። ማርች 1 ቀን 2003 ሚሳዋ ኮባሺን ከኋላው ክንዶቹን ቈልፎ ይዞ፣ ታጋዮች ከሚገቡበት ከፍ ካለው መተላለፊያ ላይ ወደ ታች፣ ወደ አዳራሹ ወለል ይዞት ወደቀ፤ ኮባሺም ከዚያ ተነሥቶ በመጨረሻ ግጥሚያውን አሸነፈ። ይህ ሲሆን ተመልካቹ በአድናቆት ጮኸ፤ እኔም ፊልሙን ባየሁ ጊዜ ማድነቄን አልክድም፤ ዳሩ ግን ያ ጩኸት ከውርወራው ያላነሰ ክብደት ነበረው።

በ1999 ባባ ሲሞት ሚሳዋ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከባባ ባለቤት ጋራ ግን በአስተዳደር ስላልተስማማ በ2000 ለቅቆ ወጣ። ከጃፓናውያኑ ታጋዮች ጥቂቶች በቀር ሁሉም ተከተሉት፤ እርሱም ላቋቋመው አዲስ ድርጅት በኦሪት ዘፍጥረት የሚነገርለትን የኖኅን ስም ሰጠው። ጻድቁ ኖኅ መርከቡን ሠርቶ ከነቤተ ሰቡ በውስጡ ተጠለለ፤ ሚሳዋ ግን መርከቡን እስከ ዕለተ ሞቱ በማጅራቱ ተሸክሞት ኖረ። የብዙ ታጋዮች ደመወዝ በእርሱ ላይ ነበር፤ ትኬት የሚያሸጠውም በይበልጥ የእርሱ ስም ነበርና፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲቃረብ፣ አንገቱና ትከሻው በሕመም ሲደክሙ፣ ከአገር አገር እየዞረ መታገሉን አላቆመም። በማርች 2009 ኒፖን ቴሌቪዥን የድርጅቱን መደበኛ ስርጭት ሲያቋርጥ ሸክሙ ይበልጥ ከበደ።

እኔን የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ታጋይ ቢታመም ዕረፍት የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ለፕሬዚዳንቱስ ማን ይስጠው? ከድርጅቱ ደመወዝ የማይቀበል፣ የአለቃውንም የአገልጋዩንም አንገት በእኩል መርምሮ “ዛሬ አትወጣም” ለማለት ሥልጣን ያለው ሐኪም ያስፈልግ ነበር፤ ትዕግሥተኛ ሰው ራሱን ያስጥላል ብሎ መጠበቅ ግን ጭካኔ ነው።

ያን ምሽት ሚሳዋን የጣለው አኪቶሺ ሳይቶ በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ብዙ ተወቅሷል፤ ይህም ታላቅ ግፍ ነው። ሳይቶ የጣለው ሌሎች አያሌ ታጋዮች እልፍ ጊዜ በጣሉት ዓይነት ነው፤ ያ አንገትም በአንድ ሌሊት የተሰበረ አይደለም። በማግሥቱ ጁን 14 ቀን ጉዞው ሳይቋረጥ በፉኩኦካ ትርኢቱ ተደረገ፤ ሳይቶም በሟቹ ሥዕል ፊት ተንበርክኮ አልቅሶ ሲያበቃ ወጥቶ ታገለ። ጓደኞቹ ይህን ያደረጉት ለሚሳዋ ካላቸው ፍቅር እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ፈቃዱ የእኔ ቢሆን ኖሮ ግን አዳራሹ በዚያ ቀን ተዘግቶ፣ ታጋዮቹ ሁሉ፣ ከሁሉም አስቀድሞ ሳይቶ ራሱ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሄደው በተመረመሩ ነበር።