ማስተባበያውን ማን ያንብብላቸው?

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ጎረቤቴ ዘንድ የደረሰ አጭር ድምፅ ነው። የሚናገሩት በሬዲዮ የምናውቃቸው ሐኪም ይመስላሉ። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን አቁሞ አንድ ዱቄት በሞቀ ውኃ ቢጠጣ ይድናል ይላል። ጎረቤቴ በመርፌ የሚኖር ልጅ አላቸው። «ዶክተሩ ራሳቸው እኮ ናቸው የተናገሩት» አሉኝ።

ሐኪሙ አልተናገሩም፤ ድምፃቸውን አስመስሎ የሠራው ማሽን ነው። ማይክሮሶፍት ቫል-ኢ የተባለውን ሥራውን በ2023 እ.ኤ.አ. ሲያሳይ የሰው ድምፅ ለማስመሰል 3 ሰከንድ ናሙና ይበቃው ነበር። ዓመታት በሬዲዮ ያስተማረ ሐኪም ስንት ሰዓት የተቀዳ ድምፅ እንዳለው አስቡት። ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ልጅ ደግሞ መርፌውን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ደግነቱ እናቲቱ መርፌውን ከማስቆማቸው በፊት ልጃቸውን ለምትከታተለው ነርስ ደወሉ፤ እሷም ተቆጥታ ከለከለቻቸው። ያዳናቸው ራሳቸው ደውለው መጠየቃቸው ነው። «ሕዝቡ ሐሰተኛ ድምፅ መለየት ይማር» የሚሉ አሉ። ባለሙያ በመሣሪያ የሚሳሳትበትን እናቶች በጆሯቸው ይለዩ ማለት ሸክሙን አቅም በሌለው ላይ መጣል ነው።

የቆየ ጸብ ያለኝ ከማስተባበያ ጋር ነው። ቁጥርና ቀን ያለው፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ተነስቶ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ሐሰቱን በጆሯቸው የሰሙት እናት ግን ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉም ያ ደቃቅ ፊደል አይታያቸውም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ይከለክላል፤ መልካም ነው። ክሱ እስኪከፈት ግን ልጁ ዛሬ ማታም መርፌውን መወጋት አለበት።

የሚሻለውን መንገድ ከዚህ ቀደም አይተናል፤ በ1999 ዓ.ም. ጸበል የገቡ ሕሙማን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ሲተዉ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ምእመኑ ያንን ከሚያከብራቸው አባት አንደበት ሰማ። ዛሬም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ድምፁ የተሰረቀበት ሐኪም በዚያው ዕለት፣ ሐሰቱ በዞረበት ቴሌግራም፣ በሬዲዮም፣ ራሱ ቀርቦ ይናገር። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛም ይነገር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ በስልካቸው ይዘውት ይሂዱ፤ መርፌና ኪኒን ባለበት ቤት ሁሉ ያሰሙ፤ ሲጠራጠሩ የሚደውሉበትን የጤና ጣቢያ ቁጥርም እናቶች ስልክ ላይ መዝግበው ይውጡ።