የገጠሩ መንገድ ከተማ ሲመጣበት

የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የኖረ ሰው ዱክ ስትሪትን ሳያውቅ አይቀርም። ይህ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ የሚል ስም ይዞ አናንዴልን ያቋርጣል፤ ፌርፋክስ ላይ ከሩት 50 ጋር ይገጥምና ላውደን ካውንቲ ገብቶ አልዲ ከምትባለው ትንሽ መንደር ይደርሳል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሲዘረጋ የታሰበው የምዕራቡ ገበሬ እህሉን በጋሪ ጭኖ ወደ አሌክሳንድሪያ ወደብ እንዲያወርድበት ነበር። ለጋሪ የተቀየሰው መስመር ዛሬ ከቤት ወደ ሥራ የሚጣደፈውን የመኪና ጎርፍ ይሸከማል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የገጠር መንገዶች ችግር በአጭሩ ይኸው ነው፤ የተሠሩለት ዘመንና የሚሸከሙት ትራፊክ አይተዋወቁም።

ላውደንን በቁጥር እንየው። በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካውንቲው ሕዝብ 37,150 ነበር። በ1990 86,129፣ በ2010 312,311፣ በ2020 ደግሞ 420,959 ደረሰ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። አብዛኛው ነዋሪ የሰፈረው በምሥራቁ በኩል፣ በደለስ ኤርፖርት ዙሪያ፣ በስተርሊንግ፣ በአሽበርንና በሳውዝ ራይዲንግ ነው። ምዕራቡ ዛሬም እርሻ፣ የወይን ማሳና የፈረስ ግጦሽ ነው። መንገዶቹ ባለ ሁለት መስመር፣ ትከሻ የሌላቸው፣ ኮረብታውንና ወንዙን እየተከተሉ የሚጠማዘዙ ናቸው፤ ከ200 ማይል በላይ የሚሆነው ደግሞ አስፋልት ያልለበሰ ፒስታ ነው። ጠዋትና ማታ ግን ከአካባቢው ሰው በተጨማሪ ከዌስት ቨርጂኒያ በሩት 9፣ ከሜሪላንድ በሩት 15 የሚመጣ ሠራተኛ ይጎርፍባቸዋል።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ1980 ወደ 93,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት ለእርሻ ከልሏል። በ1993 ደግሞ ጥንታዊ መልካቸውን የያዙ የገጠር መንገዶች እንዳይበላሹ የሚጠብቅ ሕግ አውጥቷል። ያም ሆኖ በ2020 የካውንቲው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን አልፎ 1,062,061 ደርሷል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በሐበሻ ምግብ ቤቶች መካከል የሚያልፈው ጆርጂያ አቬኑ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ኦልኒን አልፎ ብሩክቪል አካባቢ እርሻ መሀል ይገባል። መንገዱ አንድ ነው፤ አደጋው ግን በየማይሉ መልኩን ይለዋውጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንዲህ ነው። በሚያድግ ካውንቲ ውስጥ የገጠር መንገድ ደህንነት መታቀድ ያለበት ሰው የሞተበትን ቦታ እየተከተሉ ሳይሆን፣ ሰው ሊሞትበት የሚችለውን የመንገድ ቅርጽ አስቀድሞ በመለየት ነው። መፍትሔው ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገድ ማስፋት አይደለም፤ ፍጥነትን የሚገራና የሹፌርን ስህተት የሚችል ትንንሽ ሥራ በብዙ ቦታ መሥራት ነው።

ነገሩ የአሜሪካ ገበሬ ጣጣ መስሎ የሚታየው ይኖራል። ነገር ግን በዚህ አካባቢ ከምንኖር ሐበሾች ኑሮ ጋር በብዙ በኩል ይገናኛል። የቤት ዋጋ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ጀርመንታውን፣ ክላርክስበርግና ፍሬድሪክ፣ ከአሌክሳንድሪያ ደግሞ ወደ አሽበርንና ከዚያም ወዲያ እየገፋን ነው። ደለስ ላይ ሌሊት ሥራ የሚገባው፣ መንገደኛ ጭኖ ከኤርፖርት ወደ ሚድልበርግ የሚሄደው የታክሲና የኡበር ሹፌር ብዙ ጊዜ ወገናችን ነው። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ አምስት ደቂቃ ለመቆጠብ ብሎ ጨለማ ፒስታ ውስጥ ይከተዋል። አብያተ ክርስቲያናትም ሰፊ ቦታና መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከከተማ ይወጣሉ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው በኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን የስደተኛ ማኅበረሰቦች ቤተ እምነቶች ማየት ይበቃል። የፋሲካ ቅዳሴ የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። እናት፣ አባትና የተኙ ልጆች የሞሉበት መኪና ጾም፣ ስግደትና ድካም ባዛለው ሰው እየተነዳ መብራት በሌለው መንገድ ወደ ቤት ይመለሳል። መንገዱ ለጥፋት በጣም ቅርብ በሆነበት ሰዓት መንገዱ ላይ ያለነው እኛ ነን።

አደጋው እንዴት እንደሚፈጠር ቀረብ ብለን እንመልከት። ትከሻ የሌለው መንገድ ጠርዝ በዝናብና በጎማ እየተሸረሸረ ይሄድና በአስፋልቱና በአፈሩ መካከል የአንድ ጣት ወይም የሁለት ጣት ርዝመት ያለው ዝቅታ ይፈጠራል። ሹፌሩ ከፊቱ ለሚመጣ ከባድ መኪና ቦታ ለመልቀቅ ሲል የቀኝ ጎማው ከጠርዙ ይወርዳል። ደንግጦ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ ጎማው ግን የአስፋልቱን ግድግዳ እየፋቀ አልወጣ ይላል። ይበልጥ ይጠመዝዛል። ጎማው በድንገት ሲወጣ መሪው አሁንም እንደተጠመዘዘ ነውና መኪናው ተወርውሮ ተቃራኒው መስመር ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሰከንድ ነው። የአደጋው ሪፖርት ላይ ግን «ሹፌሩ መኪናውን መቆጣጠር አቅቶት» ተብሎ ይጻፋል፤ የጠርዙ ነገር አይነሳም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አስፋልት ሲታደስ ጠርዙን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ከመቁረጥ ይልቅ ወደ 30 ዲግሪ አዘንብሎ መጠቅጠቅ ነው። ጎማው ቢወርድ እንኳ በቀስታ ይመለሳል፤ መንገዱ ለማንኛውም በሚታደስበት ጊዜ ስለሚሠራ ተጨማሪ ወጪው ጥቂት ነው። የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር ውጤታቸው ተፈትኗል ብሎ የሚያቀርባቸው ሥራዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። የመንገድ ዳር ነጭ መስመርን ውፍረት ከ4 ኢንች ወደ 6 ኢንች ማሳደግ በባለ ሁለት መስመር የገጠር መንገዶች ላይ ከመገናኛ ውጪ የሚደርሰውን የሞትና የአካል ጉዳት አደጋ እስከ 37 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። የመሀሉን መስመር እየቦረቦሩ መኪናው ሲስት እንዲንገጫገጭ ማድረግ ፊት ለፊት በመጋጨት የሚደርሰውን የሞትና የአካል ጉዳት አደጋ ከ44 እስከ 64 በመቶ ይቀንሳል። አንዱ መንገድ ብቻ የማቆሚያ ምልክት ያለውን መገናኛ ወደ አደባባይ መለወጥ ደግሞ ከባዱን አደጋ በ82 በመቶ ያወርደዋል። ትልቅ ድልድይ ወይም ባለ ስድስት መስመር ጎዳና አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀለም፣ መቦርቦሪያ ማሽን፣ ኩርባ ላይ የሚተከል አንጸባራቂ ቀስትና ጠርዝን አዘንብሎ መጠቅጠቅ ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራም? የመጀመሪያው ምክንያት የቆየው የእቅድ ልማድ ነው። መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ የሠሩት አደጋ የበዛበትን ነጥብ ካርታ ላይ ፈልገው እሱን በማስተካከል ነበር። ይህ ዘዴ ብዙ መኪና በሚያልፍበት የከተማ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይሠራል። የገጠር አደጋ ግን የተበታተነ ነው፤ ዘንድሮ ሰው የሞተበት ኩርባ ላይ ለአሥር ዓመት ሌላ አደጋ ላይደርስ ይችላል፤ የሚቀጥለው ሞት ተመሳሳይ ቅርጽ ባለው፣ ካርታው ላይ ግን አንድም ነጥብ በሌለበት ኩርባ ላይ ይሆናል። ነጥቡን መከተል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከአሜሪካ ሕዝብ በገጠር የሚኖረው ሃያ በመቶ ገደማ ሲሆን ከመንገድ ላይ ሞት ወደ አርባ በመቶ የሚጠጋው የሚደርሰው ግን በገጠር መንገድ ነው። ስለዚህ እቅዱ ከነጥብ ወደ ባሕርይ መሻገር አለበት። ጠባብ ኩርባ፣ ለአስፋልቱ የተጠጋ ዛፍ፣ ጥልቅ ቦይ፣ የተሰወረ መገናኛ የት የት እንዳለ ተመዝግቦ በካውንቲው ሁሉ ባንድ ጊዜ መታከም ይገባዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ባለቤትነት ነው። ቨርጂኒያ በ1932፣ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን፣ ለመንገዶቻቸው መክፈል ያቃታቸውን ካውንቲዎች ሸክም ወደ ግዛቱ አዞረች። ዛሬ የራሳቸውን መንገድ የያዙት አርሊንግተንና ሄንራይኮ ብቻ ናቸው። ላውደን ውስጥ የቤት ግንባታን የሚፈቅደው የካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ነው፤ መንገዱ ግን የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ላይ ምዕራቡ ውስጥ ባለመሬቱ ነባሩ የመሬት አጠቃቀም ደንብ በሚፈቅድለት ልክ ቤት ሲሠራ የተለየ ፈቃድ ስለማያስፈልገው፣ ካውንቲው ለመንገድ ማሻሻያ የሚደራደርበት አጋጣሚ አያገኝም። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲው የራሱ መንገዶች አሉት፤ ጆርጂያ አቬኑ፣ ኮልስቪል ሮድና ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ግን የግዛቱ ናቸው። ነዋሪው አቤት ለማለት ሲነሳ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚመላለሰው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ቨርጂኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ መሠረት የመንገድ ፕሮጀክቶች ነጥብ ተሰጥቷቸው ይወዳደራሉ፤ ለሰሜን ቨርጂኒያ ትልቁን ክብደት የሚይዘው የትራፊክ መጨናነቅን መቀነስ ነው። ይህ መስፈርት በተፈጥሮው ማስፋትን ይጋብዛል። የሰፋ መንገድ ደግሞ ሹፌሩን ፍጠን ይለዋል። ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ የአሽከርካሪዎቹ ማኅበር የ«ትሪፕል ኤ» የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን በ2011 ያወጣው ጥናት ያሳያል፤ በሰዓት 23 ማይል በሚሄድ መኪና ከሚገጩ እግረኞች አሥር በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ በ42 ማይል ግማሾቹ፣ በ58 ማይል ደግሞ ዘጠና በመቶው ይሞታሉ። አንዳንድ ቦታ ማስፋት ግድ መሆኑን አልክድም። ማስፋትን ግን ደህንነት ብሎ መጥራት ስህተት ነው።

ሌላ አማራጭ መኖሩን ላውደን ራሱ አሳይቷል። በ1990ዎቹ የሩት 50 አካባቢ ነዋሪዎች ሰፊ ማለፊያ መንገድ (ባይፓስ) እንዲሠራ የቀረበውን ሐሳብ ተቃውመው፣ በምትኩ ፍጥነትን የሚያረግብ እቅድ አቀረቡ። ሩት 50 እና ሩት 15 በሚገናኙበት በጊልበርትስ ኮርነር በ2009 አደባባዮች ተጠናቀቁ። ሂልስቦሮ ደግሞ ነዋሪዋ ሁለት መቶ የማይሞላ፣ ሩት 9 መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ከተማ ናት። መንገዱን ማስፋት የድንጋይ ቤቶቿን ማፍረስ በሆነ ነበር። በ2021 በተጠናቀቀው ሥራ ግን በመግቢያዋና በመውጫዋ አደባባይ፣ በመሀሏም የእግረኛ መንገድ ተሠራላት። አደባባዩ ጋ ሲደርስ ማንም ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፖሊስ ኖረም አልኖረም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ክርክር ክብደት አለው። አንዱ «መንገዱን ካሻሻላችሁት ትራፊክና ግንባታ ይከተላል» የሚል ነው። ፒስታን አስፋልት ማልበስን በተመለከተ እውነት አላቸው፤ ፒስታ መኪናን በራሱ ያዘገያል፤ አስፋልት ሲለብስ ኩርባው እዚያው ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ይጨምራል። ለዚህም ነው ደህንነትና የገጠሩን መልክ መጠበቅ አብረው መሄድ የሚችሉት። ሌላው «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» የሚል ነው። ስልክ እያየ የሚነዳም ጠጥቶ የሚነዳም በሕግ ይጠየቅ። ነገር ግን በ1997 የስዊድን ፓርላማ ያጸደቀው፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2016፣ አሌክሳንድሪያ በ2017 የተቀበሉት «ቪዥን ዜሮ» የተባለው መርህ የሚነሳው ሰው መሳሳቱ እንደማይቀር ከመቀበል ነው። የስህተት ዋጋ ሞት እንዳይሆን ማድረግ የመንገድ ሠሪው ግዴታ ነው። ለአፍታ ያንቀላፋ አባት በሞት ሊቀጣ አይገባውም።

ይህን ትምህርት አገር ቤትም እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ በ1997 የነበራት የመንገድ መረብ 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2015 ከ110,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ወላድ ሐኪም ቤት ደርሳለች፣ እህል ገበያ ወጥቷል፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው። አዲሱ አስፋልት ግን በገበያና በትምህርት ቤት መሀል ሲያልፍ፣ ልጅና ከብት በሚያቋርጡበት ቦታ አውቶቡሱ ሳይቀንስ የሚበርበት መንገድ ሆኗል። አልዲም ሆነ ወሎ፣ መንገዱ በዙሪያው ካለው ኑሮ የፈጠነ እንደሆነ የሚከፍለው ያ ኑሮ ነው።

መልካም አጋጣሚም ተፈጥሯል። በ2021 የወጣው የፌዴራል የመሠረተ ልማት ሕግ ለአካባቢ መንገዶች ደህንነት ከ2022 እስከ 2026 ባለው አምስት ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፤ ለግንባታ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት በቅድሚያ የተሟላ የደህንነት እቅድ ያስፈልጋል። እቅድ ሲወጣ ሕዝብ ይጠየቃል። በስብሰባ ላይ የሚገኝ ሰው ምን ያህል እንደሚመዝን አሌክሳንድሪያ አሳይታለች፤ በ2019 ሴሚናሪ ሮድን ለማጥበብ የተሰጠው የከተማው ምክር ቤት ድምፅ 4 ለ 3 ነበር፤ አንድ ድምፅ ቢዞር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። አሌክሳንድሪያም ሞንጎመሪም መረጃ በአማርኛ ያወጣሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። የእድር፣ የሰበካ ጉባኤና የሹፌሮች ማኅበር መሪዎች በዚህ ጉዳይ ቢሰለፉ የሚሰማቸው አያጡም።

ስንቀርብ የምንጠይቀው የታወቀ ይሁን። አንደኛ፣ ካውንቲውና ግዛቱ ባለ ሁለት መስመር መንገዶችን በቅርጻቸው መዝነው አደገኞቹን በዝርዝር ያሳውቁ፤ አደጋ ተመዘገበም አልተመዘገበም። ሁለተኛ፣ አስፋልት በታደሰ ቁጥር የተዘነበለ ጠርዝ፣ ወፍራም መስመርና የኩርባ ምልክት ያለ ተጨማሪ ልመና አብሮ ይሠራ። ሦስተኛ፣ አዲስ ሰፈር ሲታሰብ ነዋሪው የሚወጣና የሚገባበት መንገድ በቅድሚያ ይመርመር፤ ገንዘቡም ከቤቱ ጋር ይታቀድ። እኛም በሌሊት የምንነዳበትን፣ ጎማችን ከጠርዝ የወረደበትን፣ ካርታ አሳስቶን የገባንበትን ቦታ እንናገር። ለጥቂት የተረፈ ሰው ሪፖርት አይሞላምና፣ ይህ እውቀት በፖሊስ መዝገብ የለም፤ ያለው ሹፌሩ ዘንድ ነው። ሹፌሩ ዝም ካለ የእቅድ አውጪው ካርታ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፤ በጎዶሎ ካርታ የተሠራ መንገድ ደግሞ ቤተሰብ ያጎድላል።