ከቀዶ ጥገና በኋላ ስላሉት ቀኖች

ከቤተ ሰብ አንዱ ታሞ ሐኪም ቤት በገባ ጊዜ፥ ሐኪሙም መርምሮ «ያለ ቀዶ ጥገና አይድንም» ባለ ጊዜ፥ የዘመዱ ሁሉ ፍርሃት የሚያርፈው በስለቱ ላይ ነው። ወላጅ ይጸልያል፤ እኅትና ወንድም ይሳላሉ፤ ወዳጅ በደጅ ቆሞ ያድራል። በሽተኛው ከቀዶ ጥገናው ክፍል በሕይወቱ ወጣ በተባለ ጊዜ ግን ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተረፈ» ብሎ ወደየቤቱ ይመለሳል። ምስጋናው የተገባ ነው፤ ስጋቱን መጣል ግን ገና ጊዜው አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፥ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ብርቱ አደጋ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ስለቱ በሥጋው ላይ ባለበት ሰዓት ሳይሆን፥ ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ባሉት ቀኖች ውስጥ ነውና።

ይህንም የምንለው በግምት አይደለም፤ ተቈጥሮ የተገኘ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን። በ2018 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት፥ የአፍሪካ ሐኪሞች በኅብረት ያደረጉት ታላቅ ጥናት ታትሞ ወጣ። አገራችን ኢትዮጵያም የተካፈለችበት ይህ ጥናት በ25 አገሮች፥ በ247 ሐኪም ቤቶች ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 11,422 በሽተኞች የተከታተለ ነው። ከነዚህ መካከል ከመቶው 18.2 የሚሆኑት ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ዓይነት ጕዳት አገኛቸው። ከጕዳቱም ሁሉ የበዛው የቁስልና የሰውነት ማመርቀዝ ነበረ፤ በዚህም ከተያዙት 1,156 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። በጠቅላላው የሞቱት 239 ሲሆኑ፥ ከነርሱ 225ቱ የሞቱት ቀዶ ጥገናው የተደረገበት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በዕለቱ የሞቱት እንግዲህ 14 ብቻ ናቸው ማለት ነው።

እነዚህ በሽተኞች በዕድሜ የገፉ ሽማግሎች አልነበሩም። ዕድሜያቸው በመካከለኛ ግምት 38 ዓመት ተኩል ሲሆን፥ በሌላው ክፍለ ዓለም ቀዶ ጥገና ከሚደረግላቸው ሰዎች ይልቅ ወጣቶችና ሌላ ደዌ ያልተደራረበባቸው ነበሩ። እንዲህም ሆኖ ሳለ የሞቱት ሰዎች መጠን ከዓለሙ መካከለኛ ቍጥር ሁለት እጥፍ ሆነ። በአገራችን ሰው በሞተ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ኀዘንተኛን ለማጽናናት ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከ239 ሰዎች 225ቱ በአልጋ ላይ ተኝተው፥ ጠባቂና አስታማሚ አጠገባቸው ሳለ፥ ከዕለታት በኋላ የሞቱ እንደ ሆነ፥ ቀኑ እንዲደርስ ያደረገው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ነገሩን ለመረዳት ከቆዳችን እንጀምር። ቆዳ ፈጣሪ ለሥጋችን የሠራው ቅጥር ነው። በቅጥሩ ውጭም በውስጥም፥ በቆዳችን ላይም በአንጀታችንም፥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ተሐዋስያን ይኖራሉ፤ በቦታቸው ሳሉም አብዛኛዎቹ አይጐዱንም። ስለት ቅጥሩን በከፈተው ጊዜ ግን ከቆዳው፥ ከአንጀቱ፥ ከሐኪሙ እጅ፥ በደንብ ካልተቀቀለ መሣሪያ ወደ ቁስሉ ይገባሉ። በዚያም ይራባሉ፤ ቁስሉ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይግላል፥ መግል ይይዛል፤ መርዙ ወደ ደም የገባ እንደ ሆነም ሰውዬው በትኩሳት ተንቀጥቅጦ ሊሞት ይችላል።

ይህ ዕውቀት ዛሬ ለሁላችን ቀላል ይመስላል፤ የተገኘው ግን በብዙ ሞት ነው። በቪየና ከተማ በሚገኘው ታላቅ ሐኪም ቤት ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ነበረ። በዚያ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ሲኖሩ፥ በአንደኛው ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፥ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በሐኪሞቹ ክፍል እጅግ ይበዙ ስለ ነበረ፥ ዜመልቫይስ ምክንያቱን ለማግኘት ይጨነቅ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ኮሌችካ የተባለ ወዳጁ ሬሳ ሲመረመር በተማሪ ስለት ጣቱን ተወግቶ ሞተ፤ ሕመሙም ከአራሶቹ ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ዜመልቫይስም ሐኪሞቹ ከሬሳ መመርመሪያው ተነሥተው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ እንደሚሄዱ አስተዋለ፤ እጃቸውንም ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ከመቶ እናቶች 18 ያህል ሞተው ነበር፤ በሰኔ ወር የሞቱት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሆኑ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች ግን በገዛ እጃቸው ሞት እንደሚያደርሱ ማመን ከበዳቸውና ነገሩን አልተቀበሉትም። ዜመልቫይስም በ1865 ዓ.ም. በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ።

በዚያው ዓመት፥ በነሐሴ ወር፥ በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ጆሴፍ ሊስተር የተባለ ቀዳጅ ሐኪም እግሩን ጋሪ ሰብሮት አጥንቱ ወደ ውጭ የወጣ የ11 ዓመት ልጅ ተቀበለ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ቁስል ወይ እግርን ማስቈረጥ ወይ ሞትን ማስከተሉ የተለመደ ነበረ። ሊስተር የፈረንሳዩን ሊቅ የፓስተርን ሥራ አንብቦ ስለ ነበር፥ ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው፤ ልጁም እግሩ ሳይቈረጥ ዳነ። ሊስተር በአንድ ልጅ መዳን ብቻ አልተመካም፤ መዝገቡን ገልጦ ቈጠረ። ከአዲሱ ሥርዓት በፊት እጅ ወይም እግር ከተቈረጠባቸው 35 ሰዎች 16ቱ ሞተው ነበር፤ ሥርዓቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ከ40 ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው። የሁለቱም ሐኪሞች ጥበብ በመድኃኒቱ ብቻ አልነበረም፤ ሟቹን «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለው ሳያልፉ በመዝገብ ስለ ቈጠሩት ነው።

ዛሬም የሕክምና ምርምር ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በ2009 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፥ በስምንት የዓለም ከተሞች ባሉ ሐኪም ቤቶች፥ ቀዳጆቹና ረዳቶቻቸው በአንዲት ወረቀት ላይ የተጻፉ ጥያቄዎችን ድምፅ አሰምተው እንዲጠያየቁ አደረገ። በሽተኛው ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ብልት ነው? አንቲባዮቲክ ተሰጥቷልን? ፋሻውና መሣሪያው ተቈጥሮ ሙሉ ሆኗልን? የሚሉ ናቸው። በዚህ ቀላል ሥርዓት ሞት ከመቶ 1.5 ወደ 0.8፥ ጕዳትም ከመቶ 11 ወደ 7 ወረደ። እንደዚሁም በ2022 ዓ.ም. በአፍሪካ፥ በህንድና በሜክሲኮ ባሉ 81 ሐኪም ቤቶች የተደረገ ጥናት፥ ሆድ ሊሰፋ ሲል ጓንትንና መሣሪያን በንጹሕ መለወጥ ብቻ የቁስልን ማመርቀዝ ከመቶ 18.9 ወደ 16 እንዳወረደው ገለጠ።

በአገራችንም ደስ የሚያሰኝ ምስክር አለ። በ2021 ዓ.ም. በታተመ ዘገባ፥ ላይፍቦክስ የተባለው ማኅበር «ክሊን ከት» በሚል ስም በአምስት የኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች ያካሄደው ሥራ ተገልጧል። የተደረገው አዲስ ነገር አልነበረም፤ የታወቁትን ስድስት ነገሮች ዘወትር መፈጸም ነበረ። እነርሱም እጅንና የበሽተኛውን ቆዳ በሚገባ ማጽዳት፥ ልብሱና ጓንቱ ያልተቀደደና ንጹሕ እንዲሆን መጠበቅ፥ መሣሪያው በእርግጥ ከተሐዋስያን መጽዳቱን ማረጋገጥ፥ አንቲባዮቲክን በሰዓቱ መስጠት፥ ፋሻን መቍጠር፥ የጥያቄውንም ወረቀት መጠቀም ናቸው። የቁስል ማመርቀዝም ከቀድሞው በ35 ከመቶ ቀነሰ።

እንግዲህ የሐኪሙ ሥራ ይህ ከሆነ፥ የቤተ ሰብ ሥራ ምንድን ነው?

አንደኛ፥ ከቀዶ ጥገናው በፊት በሽተኛው ገላውን በሳሙና ይታጠብ። የሚቀደደውን ቦታ ግን በቤት በምላጭ አይላጭ፤ ምላጭ ቆዳውን በማይታይ ሁኔታ ስለሚሰነጥቀው ለተሐዋስያን በር ይከፍታል። ጠጕሩ መነሣት ካለበት ሐኪም ቤቱ በመቍረጫ ያነሣዋል። የስኳር በሽታ ያለበት፥ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ሳይሸሽግ ለሐኪሙ ይንገር፤ ትምባሆ የሚያጤስም ጊዜ ካለው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይተው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሎ የለምን?

ሁለተኛ፥ አንቲባዮቲክ የሚጠቅመው ከመቀደዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በሰዓቱ ሲሰጥ ነው። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ «ለማንኛውም ይጨመርለት» ብሎ ሐኪሙን ማስጨነቅ፥ ወይም ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መስጠት ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል እንጂ ቁስሉን አይጠብቅም።

ሦስተኛ፥ በሽተኛን መጠየቅ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ጠያቂ ሁሉ ሲገባም ሲወጣም እጁን ይታጠብ፤ በአልጋው ላይ አይቀመጥ፤ ፋሻውን ገልጦ «እስቲ ልየው» አይበል። በቁስሉ ላይ ቅቤ፥ ቅጠል፥ ማንኛውንም ሐኪም ያላዘዘውን ነገር ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

አራተኛ፥ በሽተኛውን ለማክበር ብሎ አስተኝቶ ማኖር ጕዳት አለው። ሐኪሙ በፈቀደ ጊዜ ቶሎ ተደግፎ ይነሣ፥ ጥቂት ጥቂት ይራመድ፥ አየርም በረዥሙ ይሳብ፤ ይህ ሳንባውን ከመመርቀዝ፥ በእግሩ ያለውንም ደም ከመርጋት ይጠብቃል። ሐኪሙ መብል ከፈቀደም እንደ እንቍላልና እንደ ምስር ያለ ገንቢ ምግብ ይስጡት፤ ቁስል የሚሽረው ሰውነት ሲመገብ ነው።

አምስተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው መጠበቅ ነው። ቁስሉ የሚያመረቅዘው ብዙ ጊዜ በሽተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነውና አስታማሚው እስከ 30 ቀን ድረስ ዓይኑን አይንቀል። ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከበረታ፥ ቁስሉ ከቀላ፥ ካበጠ፥ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ከተከፈተ፥ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይመለስ። ትንፋሹ ቢያጥር፥ አእምሮውም ቢደናገር በዚያው ሰዓት ይወሰድ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም በኃላፊነት ወንበር ላለችሁ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። በ66 አገሮች የተደረገና በ2018 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሰዎች ቁስላቸው ያመረቀዘው በበለጸጉት አገሮች ከመቶ 9.4፥ በዝቅተኛዎቹ ግን ከመቶ 23.2 መሆኑን አሳይቷል። የዚህ ልዩነት አንዱ ክፍል በሐኪሙ እጅ ሳይሆን በእናንተ እጅ ያለ ነው። የማይቋረጥ ውሃ፥ ሳሙና፥ መሣሪያ መቀቀያ፥ ለሌሊቱም የሚበቃ አስታማሚ ነርስ ማቅረብ የአስተዳዳሪ ሥራ ነውና። ከዚህም ጋር፥ አንድ ሐኪም ቤት «በዚህ ወር ይህን ያህል ቁስል አመረቀዘብን» ብሎ ቈጥሮ ያስታወቀ እንደ ሆነ፥ ስለ እውነተኛነቱ ሊመሰገንና ሊረዳ ይገባዋል እንጂ አይነቀፍ። መቍጠርን የሚያስፈራ አለቃ ካለ፥ መዝገቡ ያምራል፤ በሽተኛው ግን ይሞታል። ምንም ጕዳት አልደረሰብንም የሚል መዝገብ ሲቀርብላችሁም፥ ከመደሰት በፊት በእርግጥ የተቈጠረ መሆኑን ጠይቁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ቀዳጁ እጁን ቢታጠብ፥ ነርሷ ሌሊቱን ብትጠብቅ፥ አስታማሚው ምልክቱን ቢያውቅ፥ ሹሙም ውሃውን ቢያስገባ፥ ዛሬ ቀናቸው ደርሶ ነው ከምንላቸው ብዙዎቹ ቆመው ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ።