አለቱ ይቆያል፣ መሐንዲሱ ይሄዳል

ከምድር ሳይንስ ትምህርት የተመረቁ ጓደኞቼ ስለ ሙያ ሲጫወቱ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ምኞቶች አንዱ የነዳጅ ሪዘርቮየር መሐንዲስነት ነው፤ ጥቂት ዓመት በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ጥቂት ዓመት በአንጎላ፣ ከዚያም በሰሜን ባሕር። ምኞቱን አልነቅፍም። ሆኖም ለአገራችን ይበልጥ የሚጎድላት ከአገር አገር የሚዞረው ሳይሆን ከአንድ ክምችት ጋር አብሮ የሚያረጀው መሐንዲስ ይመስለኛል።

የሪዘርቮየር መሐንዲስ በዓይኑ የማያየውን አለት በግፊት የሚያነብ ባለሙያ ነው። በአለቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ምን ያህል ጋዝ ወይም ድፍድፍ ነዳጅ አለ? ከዚያስ ምን ያህሉ፣ በስንት ዓመት ይወጣል? መልሱ አንድ ጊዜ ተሰልቶ የሚዘጋ አይደለም። ጉድጓዱ ባመረተ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል፤ የወረደውም ግፊት የቀድሞውን ግምት ያርማል። ስለሆነም ከ20 ዓመት በፊት የተመዘገበ የግፊት ንባብ ዛሬም ዋጋ አለው። ከጠፋ ግን አይተካም፤ አለቱ ያኔ የነበረበት ሁኔታ ዳግም አይገኝምና።

በኦጋዴን የካሉብ የጋዝ ክምችት እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካው ቴኔኮ ቁፋሮ ተገኘ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፤ በኋላ የማሌዢያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ፤ በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ገባ። የመጀመሪያው የምርት ምዕራፍ የተመረቀው በ2025 ነው፤ ከግኝቱ 52 ዓመት በኋላ። ለመዘግየቱ ጦርነቱ፣ የገበያው ርቀትና የገንዘብ እጥረት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን በባለሙያ እጦት ማሳበብ የዋህነት ነው። ያም ሆኖ የክምችቱ መጠን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ መሆኑ በይፋ ሲነገር፣ በአለቱ ውስጥ ያለውና ሊወጣ የሚችለው ጋዝ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መሆናቸውን አንሥቶ የሚጠይቅ ድምፅ እምብዛም አልሰማሁም። ይህን መጠየቅ የሪዘርቮየር መሐንዲስ የመጀመሪያ ሥራው ነበር።

ጎንደር ላይ ለተቀመጥን ሰዎች ይህ ምናችን ነው? በ2006 የታተመ የማግኔቶቴሉሪክ ጥናት በጣና አካባቢ ከባዝልቱ ሽፋን በታች የሜሶዞይክ ዘመን ደለል አለት ተፋሰስ መኖሩን አሳይቷል። ደለል አለት መኖሩ ብቻ ግን ነዳጅ አለ አያሰኝም፤ ስለዚህ ተስፋዬን እዚያ ላይ አልጥልም። የእኛ አስቸኳይ ክምችት ውኃ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማዋ በውኃ እጥረት ስትቸገር የምናውቀው ነው፤ በተሰነጣጠቀው ባዝልት ውስጥ ያለውን ውኃ የምናነብበት ሒሳብም የነዳጁ መሐንዲስ ሒሳብ ነው። ታይስ በ1935 ለውኃ ጉድጓድ ያወጣውን ቀመር የነዳጅ መሐንዲሶች ለራሳቸው ወሰዱት፤ በ1951 የታወቀው የሆርነር ዘዴም መሠረቱ ይኸው ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የጥቂት ጉድጓዶችን የፓምፕ ሙከራ መዝገብ ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። በትሕትና ተቀበሉኝ፤ የሰጡኝ ግን ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር። በየደቂቃው የተለካው የውኃ ከፍታ ከቆፋሪው ተቋራጭ ጋር ሄዷል። የጉድጓዱን ነገ ለመገመት ያስፈልገኝ የነበረው ያ ነው፤ ሦስት ወር ከፈለግሁት በኋላ የጽሑፌን ርእስ ለወጥሁ።

ስለዚህ አዲስ የነዳጅ ምሕንድስና ክፍል ይከፈት ከሚሉት ጋር አልስማማም። በሃይድሮጂኦሎጂ የማስተርስ መርሐ ግብር ውስጥ አንድ የሪዘርቮየር ምሕንድስና ኮርስ ይበቃናል፤ የተማረው ሰው ካሉብም፣ የአሉቶ ላንጋኖ እንፋሎት ዘንድም፣ አዘዞ ጉድጓድ ላይም ይሠራል። ከዚህ ጋር ማንኛውም የጉድጓድ መረጃ የተጠቀመ ተመራቂ፣ ከጽሑፉ ቅጂ ጎን ጥሬውን ንባብ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክብ። የእኔ፣ በአዲሱ ርእሴ የለካኋቸው የአራት ጉድጓዶች ንባብ፣ በዚህ ወር ይገባል።