ገና ያልተወለደውን ሕፃን ስለ መጠበቅ

በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት «ማርያም ትቅረብሽ» ተብላ ትመረቃለች። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከምርቃቱ ጋራ በማሕፀን ያለውን ሕፃን ደኅንነት መከታተል እንደሚገባ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናሳስብ እንወዳለን። ይልቁንም የደሟ ግፊት 140 በ90 የደረሰ ወይም ያለፈ፥ የስኳር በሽታ ያለባት፥ መንታ የፀነሰች፥ ወይም ከዚህ ቀደም ሕፃን ሞቶ የተወለደባት ሴት እርግዝናዋ እንደ ሌላው እርግዝና ሊታይ አይገባውም።

ፒናር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ያወጣው እንደ ጡሩንባ ያለ መስሚያ ዛሬም ከአዋላጆቻችን እጅ አልጠፋም። አዋላጂቱ ሰፊውን አፍ በእናቲቱ ሆድ ላይ አሳርፋ በሌላው ጫፍ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ በዚያውም ጊዜ የእናቲቱን ክንድ ይዛ የደም ሥሯን ትዳስሳለች። ይኸውም የእናቲቱን የልብ ምት የሕፃኑ ነው ብላ እንዳትሳሳት ነው። የሕፃኑ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል። በሆስፒታል ደግሞ በአልትራሳውንድ የሕፃኑ ዕድገትና በዙሪያው ያለው ውሃ መጠን ይታያል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ሁሉ የሚነግረን የዚያችን ሰዓት ነገር ብቻ ነው። ሌሊትና ቀን ከሕፃኑ ጋራ የምትውለው እናቲቱ ናት። ስለዚህ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ልጇ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ፥ በየትኛው እንደሚያርፍ ልትለምድ ይገባታል። እንቅስቃሴው የቀነሰ ሲመስላት በግራ ጎኗ ተኝታ ትቍጠር፤ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ። «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚባለው ስንት ቤት እንዳሳዘነ የሚቈጥረው የለም! ጤነኛ ሕፃን እስከ ምጥ ድረስ፥ በምጥም ጊዜ ይንቀሳቀሳል።

በነቀምቴ ከተማ በበከኒሳ ቀሴ የምትቀመጥ ሴት ባጃጅ ተሳፍራ ሆስፒታል ትደርሳለች። በወለጋ ገጠር ያለችው ግን በክረምቱ ጭቃ፥ ከቅርብ ዓመታትም ወዲህ በአገሩ በደረሰው ጦርነት መንገድ እየተዘጋባት ብዙ ተቸግራለች። እንዲህ ላለችው ቀኗ ሳይደርስ በእናቶች ማቆያ ቤት መሰንበት ይሻላታል። ይህ ሥርዓት በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ተጀምሮ በኋላ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል። እርግዝናዋ የሚያሠጋ ከሆነ ግን ማቆያው ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ሆስፒታል አጠገብ ሊሆን ይገባል፤ በዚህ ነገር ቸል ሲባል እናያለን።

የቤቱ ጌታም ማታ ሲገባ ስለ እራቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ሕፃኑ እንቅስቃሴ ቢጠይቅ ክብሩ አይጐድልበትም። ባለቤቱ «ከትናንት ያነሰ መሰለኝ» ብትለው እስኪነጋ አይቆይ። ብርቱ ራስ ምታት፥ የዓይን መደንገዝ ወይም የደም መፍሰስ ሲታይ ግን መቍጠርም አያሻም፤ በዚያው ሰዓት ይኬዳል።