መሥሪያ ቤት ሲዛወር ሽቦው ከወንበሩ ይቅደም

አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ከነበረበት ቤት ወደ ሌላ ቤት፣ ወይም ከነበረበት ከተማ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወር በታዘዘ ጊዜ፣ ሹማምንቱ አስቀድመው የሚጠይቁት የክፍሎቹን ቍጥር፣ የኪራዩን ልክና የኀላፊው ቢሮ በየትኛው ወገን እንደሚሆን ነው። ቀጥሎም የጭነት መኪና ይፈለጋል፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የመዝገቡ መደርደሪያ ይቈጠራል። የስልኩና የኢንተርኔቱ፣ የኤሌክትሪኩና የኮምፒዩተሩ ጉዳይ ግን «ከገባን በኋላ ይደርሳል» ተብሎ ይተዋል። ከገቡም በኋላ ሳይደርስ ሳምንት፣ አልፎም ወር ይሆናል። በዚህ መካከል መሥሪያ ቤቱ በር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ሠራተኛ አለው፤ ነገር ግን የሚሰማበት ጆሮና የሚናገርበት አፍ የለውም።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላ መሥሪያ ቤት ዘንድ የሚያስከትለው የባለጉዳይን መጕላላት ብቻ ይሆን ይሆናል። በእርሻ መሥሪያ ቤት ግን ጕዳቱ በማሳ ላይ ይታያል። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ ላይ በወረደ ጊዜ ይህ በግልጥ ታውቋል። የአንበጣ መንጋ ነፋስ ሲረዳው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋም እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በአንድ ቀንም ለ35,000 ሰው የሚበቃውን ያህል እህልና ቅጠል ሊበላ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ጠላት አንድ ድካም አለበት፤ ማታ ያርፋል፣ ጠዋትም ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ አይነሣም። ስለዚህ ያረፈበትን ስፍራ ገበሬው ለልማት ሠራተኛው፣ የልማት ሠራተኛው ለወረዳው፣ ወረዳው ለዞኑና ለክልሉ የሚያስታውቅበት ጊዜ ያችው አንዲት ሌሊት ናት። መርጫው የሚደርሰው በዚያች ሌሊት ወሬው ከደረሰ ነው። በማግስቱ ረፋድ የደረሰ ወሬ ግን መንጋው ትናንት የት እንደ ነበረ ከመናገር በቀር ለምንም አይጠቅምም።

የስንዴም ዋግ እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዘሮች ባጠቃ ጊዜ፣ በ2006 ዓ.ም.ም የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ዲገሉ የተባለውን ዘር በመታ ጊዜ፣ መድኀኒቱ የሚረዳው ምልክቱ በጥቂት ቅጠል ላይ እንደ ታየ ለተረጨ ማሳ ነበር። ዋግ በነፋስ የሚሄድ ዱቄት ስለ ሆነ፣ የአንዱ ወረዳ ዝምታ ለጎረቤቱ ወረዳ ጭምር ዕዳ ይሆንበታል።

በቀድሞው ዘመን መልእክት የሚያደርሰው ሰው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ባወረዱ ጊዜ፣ ከሩቅ አገር የመጣ መልእክተኛ እንጦጦ ደርሶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘው፣ ከመንገደኛ ጠይቆ ወደ አዲስ አበባ ሊወርድ ይችል ነበር። በኋላ ግን በእኒሁ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሆነ የስልክ መስመር ተዘረጋ፤ ከዚያም ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። መልእክተኛ ጠይቆ ይደርሳል፤ ሽቦ ግን ጠይቆ አይደርስም። ሽቦ የሚያደርሰው ከተተከለበት ስፍራ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ያንን ስፍራ ትቶ ቢሄድ መልእክቱ ባዶ ቤት ውስጥ ጮኾ ይቀራል።

ደግሞ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ ቤተ መንግሥቱን ማሠራት አስጀምረው ነበር፤ በአዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥሮ ነበርና። ይሁን እንጂ የባሕር ዛፉ ተክል የእንጨቱን ችግር እያቃለለ ሄደ፤ የውጭ አገር መንግሥታት ልዑካንም በአዲስ አበባ ቤታቸውን ሠርተው ነበርና አሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መናገሻን ያህል ነገር ለማንሣትም ለማስቀረትም እንጨት በቂ ምክንያት ሆኖ መገኘቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዛሬው ዘመን የእንጨቱን ስፍራ ሽቦውና የኤሌክትሪኩ ኀይል ወስደውታል።

በቅርቡ ዘመንም ብዙ መዛወር ታይቷል። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ክልል በሆኑ ጊዜ፣ ቀድሞ በሐዋሳ ተሰብስቦ የነበረው የክልል ሥራ ተከፋፍሎ ከፊሉ ወደ ቦንጋ፣ ከፊሉ ወደ ሆሳዕና፣ ከፊሉም ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫዎች ራሳቸው አራት ናቸው፤ እነርሱም ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ ናቸው። ቢሮዎች እንዲህ ተራራና ወንዝ ለያይቷቸው በተቀመጡ ጊዜ፣ ጸሐፊው ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የሚሄድበት ልማድ ይቀራል። በየከተማው መቀመጥ ሕዝቡን ወደ መንግሥት የሚያቀርበው ቢሮዎቹ እርስ በርሳቸው ሲሰማሙ ነው፤ አለዚያ ባለጉዳዩ ራሱ የቢሮዎች መልእክተኛ ሆኖ በየአውቶቡሱ ይንከራተታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፣ የመጀመሪያው ሥራ ዕቃ መቍጠር ሳይሆን በሽቦው የሚሠራውን ሥራ መቍጠር ነው። የማዳበሪያ ጥያቄ በምን ይላካል? የዝናቡ ትንበያ በምን ይመጣል? የአንበጣና የተምች ወሬ ማን ተቀብሎ በየትኛው መዝገብ ይጽፈዋል? ወረዳውን ከዞንና ከክልል ጋር በድምፅና በምስል የሚያገናኘው ወረዳ ኔት የሚገባው በየትኛው ግቢ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ይረሳል። ብዙ ጊዜ መስመሩ የገባው ወደ ወረዳው አስተዳደር ግቢ ስለ ሆነ፣ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ሰፊ ቤት ሲከራይ፣ ሳያውቀው መስመሩን ከኋላው ትቶ ይወጣል። ሰፊውን ቤት ያገኘ ሹም ስብሰባ በመጣ ቍጥር ወደ ቀድሞው ግቢ በእግሩ ይመላለሳል።

ቤቱን ለማየት የሚሄደውም ሰው የክፍሉን ስፋት ከመለካቱ በፊት ዐይኑን ወደ ውጭ ያንሣ። የኢትዮ ቴሌኮም ምሰሶ ወይም የፋይበሩ ጕድጓድ ምን ያህል ይርቃል? በመካከል የሚያልፈው የማን ግቢ ነው? ትራንስፎርመሩ የጐረቤቱን ወፍጮና የብየዳ ቤት ተሸክሞ የሚተርፈው ኀይል አለውን? ከዚያም ተንቀሳቃሽ ስልኩን በእጁ ይዞ በየክፍሉ ይዙር፤ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ሞገዱን ስለሚከለክሉ፣ በደጅ የሚሰማ ስልክ በጓዳ ላይሰማ ይችላል። የመገናኛው ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል የውሃ ሮቶ ከበላዩ የሌለበት፣ ከቡና ማፍያውና ከመታጠቢያው የራቀ፣ ቍልፍ ያለው፣ ነፋስም የሚያገኝ ይሁን። በብዙ ስፍራ ግን ራውተሩ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር በአንድ ጓዳ ተጥሎ ይታያል፤ እንዲህ ያደረገ ሹም መስመሩ ተበላሸ ብሎ ቢከስ የሚሰማው ሊያገኝ አይገባውም።

ኤሌክትሪኩን በሚመለከት፣ ቆጣሪው በመሥሪያ ቤቱ ስም አስቀድሞ ይግባ። በደጋ አገር ክረምት የሚወርደው መብረቅ ኮምፒዩተሩን በአንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል፣ ኀይሉን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ በባለሙያ ይተከል። መብራት ሲጠፋ ሥራው በድንገት እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ፣ ረዘም ላለውም መጥፋት የፀሐይ ኀይል ከነባትሪው ይዘጋጅ። የእንስሳት ጤና ክፍል ያለበት ጽሕፈት ቤት ደግሞ የክትባቱን ማቀዝቀዣ አይርሳ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት መካከል ካልተጠበቀ ብልቃጡ እንዳለ ሆኖ ጥቅሙ ይሞታል፤ ከብቱም ተወግቶ ይሞታል፤ ገበሬውም ከዚያ በኋላ ከብቱን ለመርፌ አያቀርብም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ከቀድሞው ቤት የሚነሣው በአዲሱ ቤት ኀይል መኖሩ በዐይን ከታየ በኋላ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚገባው የመሬቱ መዝገብ ነው። የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ሁለተኛው ደረጃ ከመጣ ወዲህ፣ የማሳው ወሰን በካርታ ተለክቶ በኮምፒዩተር ተጽፎ በወረዳው ይገኛል። የመበለቲቱ ድርሻ፣ የወንድማማቾቹ ክፍያ፣ የኪራዩ ውል በዚያ ነው። ይህ መዝገብ ያለበት ሣጥን ከወንበር ጋር በአንድ የጭነት መኪና ተጭኖ በጠጠር መንገድ ቢናጥና ቢሰበር፣ በማግስቱ በወሰን የሚጣላውን ሰው የሚያስታርቀው ምንድር ነው? ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ሙሉ ቅጂው ተወስዶ አንዱ በዞን፣ አንዱ በሌላ አስተማማኝ ስፍራ ይቀመጥ። ቅጂ መወሰዱም ብቻ አይበቃም፤ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መነበቡ ይታይ። በኦሪት ዘኍልቍ ድንኳኑ በሚነሣበት ጊዜ ቀዓት፣ ጌድሶንና ሜራሪ የሚሸከሙት እስከ ካስማውና እስከ አውታሩ ድረስ በየስሙ ተለይቶ እንደ ተሰጣቸው፣ እዚህም እያንዳንዱ ዕቃ የሚሸከመውና የሚረከበው ሰው ስሙ ተጽፎ ይፈርምበት።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር መነገር ይገባዋል። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ገንዘቡ እንደ ተገኘ ቤት መከራየትና መዛወር በሐምሌና በነሐሴ ይሆናል። ይህም ለእርሻ መሥሪያ ቤት ከወራት ሁሉ የከፋው ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው ዝናብ ላይ ነው፤ ገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ይጠይቃል፤ የመስመር ሠራተኛውም በጎርፍ የወደቀ ምሰሶ ሲያነሣ ይውላል። በጀቱ በሐምሌ ቢፈቀድም፣ ወራቱ ለመስመሩ ጥያቄ፣ ለዕቃው ግዢና ለውሉ ይዋሉ፤ ዕቃው የሚነሣው መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ በጥር ይሁን። በልግ የሚዘራበት አገር በጥር ፈጥኖ ይጨርስ። የበጋ መስኖ ስንዴ ከተስፋፋ ወዲህ ፈጽሞ ሥራ የሌለበት ወር ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ እሙን ነው፤ ቢሆንም ጥር ከሐምሌ ይሻላል።

ዛሬ ሰው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዟል፣ ወሬውም በቴሌግራም ይላካል፣ ስለዚህ የመሥሪያ ቤት መስመር ምን ያስፈልጋል የሚሉ ሹማምንት አሉ። በችግር ቀን የኪስ ስልክ እንደሚረዳ አይካድም። ነገር ግን የኪስ ስልክ የሰውዬው ነው እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ሲሾም፣ የሦስት ዓመት የአንበጣ ወሬና የገበሬዎች ሁሉ ቍጥር ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚተካው ሰው ከባዶ ይጀምራል። የአየር ሰዓቱንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ባለሙያው ከደመወዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር ለብዙ ሰው ምክር አድርሷል፤ ሆኖም የአንዱን ቀበሌ ማሳ ሄዶ የሚያይለት የወረዳው ባለሙያ ነውና፣ ምክሩን የሰማ ገበሬ ተመልሶ የሚደውለው ወደ ወረዳው ነው።

ቤታቸውን ለመንግሥት የሚያከራዩ ባለቤቶችም ከዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ከፊርማ በኋላ ቦይ ለመቈፈር፣ ምሰሶ ለመትከል ወይም ግድግዳ ለመብሳት ፈቃድ ሲጠየቁ የሚቃወሙ ይገኛሉ፤ ጥፋቱ ግን በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ያልጻፈው ሹም ነው። ሽቦው በየት እንደሚገባ፣ የፈረሰውን ማን እንደሚጠግን፣ ተከራዩ ሲወጣ የተተከለው ዕቃ የማን እንደሚሆን በግልጥ ይጻፍ። ቤቱን ሲሠራ የሽቦ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ያኖረና ለኀይሉ በቂ መስመር ያስገባ ባለቤት፣ የተሻለ ኪራይ ቢጠይቅ ሊከፈለው ይገባል፤ መሥሪያ ቤቱ ኋላ ለጥገና ከሚያወጣው ይልቅ ይህ ይቀላልና።

ከዚህ በኋላ የቀረው የቀድሞው ቤት ነው። ቍልፉ ለባለቤቱ የሚመለስበት ቀን፣ አዲሱ መስመር ተደውሎበት ከታወቀና የተላከ ጽሑፍ ከዞን ደረሰኝ ከመጣበት ቀን በፊት እንዳይሆን። ሁለቱ መስመሮች ቢያንስ አንድ ወር አብረው ይቈዩ፤ የአንድ ወር ድርብ ክፍያ ለሒሳብ ሹሙ ከባድ ቢመስለውም። ቍጥሩ ወደ አዲሱ ቤት ይዛወር እንደሆነ ከመነሣት በፊት ይጠየቅ፤ የማይዛወር ከሆነም አዲሱ ቍጥር በገበያ ቀን በጥሩንባ ይነገር፣ በቀበሌዎችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት በር ላይ ይለጠፍ፣ ለየልማት ሠራተኛውም በጽሑፍ ይሰጥ። በቀድሞው ቤት ደጅም መንገዱን የሚያመለክት ሰሌዳ እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ ይቈይ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ወረዳ የሚመጣ ገበሬ አለና።