ተማሪውስ መቼ ይጫወታል?

ቅዳሜ ከሰዓት ሚዛን፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው የኮሜንታተሩ ድምፅ አይሰማም፤ ግን ማን ፈለገው? ከጎኔ የተቀመጡት ተማሪዎች ከሱ በላይ ይተነትናሉ። የአርሰናልን ተጠባባቂ በረኛ ስም ሳይቀር ያውቃሉ። እረፍት ሲሆን "ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የማንን ቡድን ታውቃላችሁ?" አልኳቸው። ጸጥ። ቆይቶ አንዱ "ወልዋሎ!" አለ።

ልክ ነው፤ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ። በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። በ2012 ውድድሩ በኮሮና ተሰረዘ፣ በ2013 ደግሞ ጦርነቱ መጣና ከመቐለ 70 እንደርታና ከስሑል ሽረ ጋር ከሊጉ ጠፋ። ሦስቱም የተመለሱት በ2017 ነው። ያን ሁሉ መከራ ላየ ከተማ ኳስ መመለሱን የሚቃወም ሰው ልብ የለውም። እኔም አልቃወምም። እኔ የምጣላው "ዩኒቨርሲቲ" ከሚለው ስም ጋር ነው።

ቡድኑ እኮ እንደማንኛውም የሊጉ ክለብ ከዝውውር ገበያ ተጫዋች እያስፈረመ የሚወዳደር ነው። ተጫዋቹ ዘንድሮ አዲግራት፣ ከርሞ ሐዋሳ። ሚድ ኤግዛም አያስጨንቀው፣ ካፌ አይሰለፍ! ገበያው ምን ያህል እንደጦዘ ለማወቅ፣ በ2011 ክረምት ክለቦቹ ራሳቸው ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺ ብር እንዳይበልጥ መወሰናቸውን ማስታወስ ይበቃል። ከተማ ክለብ ይኑረው፤ ከተማው፣ ነጋዴውና ደጋፊው ይክፈሉለት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለኳስ የሚያወጣት ብር ካለችው ግን ቀድማ የተማሪው ናት።

"አሜሪካኖቹስ?" የሚል አይጠፋም። እንቁላል የመሰለ ኳስ በእጃቸው ይዘው እየሮጡ "ፉትቦል" የሚሉት ሰዎች (ይቅር ይበላቸው)። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ100 ሺ ሰው በላይ ይይዛል። ነገሩ ንግድ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህማ ኮሌጆቹ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። እሺ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ዶላር በኋላም ተጫዋቹ የተመዘገበ ተማሪ መሆን አለበት፤ ትምህርቱን ከጣለ ሜዳ አይገባም። ደግሞም የውድድር ዘመን የሚባል ነገር አላቸው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር አሥራ ሁለት ጨዋታ። ተማሪው መቼ ከማን ጋር እንደሚጫወት ቀድሞ ያውቀዋል።

የኛስ? እኔ በተማርኩበት ግቢ (ስሙ ይቆየን) የዲፓርትመንት ዋንጫ ነበር። ማሊያ የምንቀባበለው ላቡ ሳይደርቅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ፈተና መጣ፣ ዋንጫው በዚያው ቀረ። የውድድር ዘመናችን ሦስት ጨዋታ! አብሮን የሚጫወት አንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ ነበር፤ በግራ እግሩ ኳሷን የፈለገበት ይልካታል። ያንን እግር አንድም አሠልጣኝ ሳያየው ተመረቀ። ዛሬ ባንክ ቤት ብር ይቆጥራል።

"የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ፌስቲቫል አለ" አትበሉኝ። ፌስቲቫል ሠርግ ነው፤ ተበልቶ፣ ተጨፍሮ ድንኳኑ ይነሳል። ተጫዋች የሚወጣው በየሳምንቱ ሲጫወት ነው።

እስቲ ካርታውን እዩት። ሚዛን ቴፒ፣ ቦንጋ፣ ጅማ፣ መቱ፣ ጋምቤላ። በዚህ በኛ አቅጣጫ ብቻ አምስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች። ደርሶ መልስ ቢጫወቱ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ጨዋታ፣ በድምሩ ሃያ፤ በአሥር ሳምንት ያልቃል። ኅዳር ላይ፣ ቡና ለቀማው ደርቶ ዝናቡም ፋታ ሲሰጥ ይጀመር (እዚህ አገር ዝናብ ፋታ ይሰጣል ከተባለ)። የሚያስፈልገው አውቶቡስ፣ ዳኛ፣ ለእንግዳው ቡድን ዶርምና የካፌ ምግብ ነው። ሕጉም አንድ ይሁን፦ የተማሪ መታወቂያ የሌለው አይሰለፍም።

"በጀት የለም" እንደሚሉን አውቃለሁ። ለምርቃት ድንኳን፣ ለባነር፣ ለስብሰባ ውሎ አበል የሚገኝ ብር ለሃያ ጨዋታ ከጠፋ፣ የጠፋው ብሩ አይደለም።

ይህንኑ ለዲኤስቲቪ ቤት ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። "ጅማን እኮ እዚህ ሜዳችን ላይ እናሸንፋለን!" አለ ያ ወልዋሎ ያለው ልጅ። "በማን በረኛ?" አለው ሌላው። ስወጣ ገና እየተጨቃጨቁ ነበር።